በላጲስ የጠፋው 94

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበሩ አማካሪ። የ12 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ በዚህ ዓመት ወደ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቷል። እስከ አምና ድረስ አንዲት መምህርት ሁሉንም ትምህርት ስለምታስተምረው፣ አንድ ነገር ሲቸግረን ለማን እንደምንናገር እናውቅ ነበር። አሁን ግን ደወል በተደወለ ቁጥር ሌላ መምህር ይገባል፤ የስንቱን ስም እንደምይዝ እንኳ አላውቅም።

ከሦስት ሳምንት በፊት በሳይንስ ክፍለ ጊዜ አራት አራት ሆነው ውኃ እያፈሉ ሙቀቱን በቴርሞሜትር ለክተው ነበር። ልጄ ማታ ሪፖርቱን በእርሳስ ጽፎ ከተኛ በኋላ ወረቀቱን ባየው «ውኃው የፈላው በ94 ዲግሪ ነው» ይላል። ከትምህርት ከራቅሁ ብዙ ዘመን ቢሆነኝም፣ ውኃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ አልጠፋኝም። ነጥብ እንዳይቀነስበት ብዬ 94ቱን በላጲስ አጥፍቼ 100 አደረግሁት፤ ጠዋት በጥድፊያ ስለነበርን ሳልነግረው ወጣ።

አብረውት የሠሩት ሦስቱ ልጆች 94 ጽፈው የእኔ ልጅ ብቻ 100 ብሎ ሲገኝ፣ መምህሩ በክፍሉ ፊት አስነሥተው «አንድ ቢከር፣ አንድ ቴርሞሜትር ነበራችሁ፤ አንተ 100ን ከየት አመጣኸው?» ብለው ጠየቁት። እሱ የሚመልሰው አጣ፤ ክፍሉም ሳቀበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ «መቶ» እያሉ ይጠሩታል። ማታ እኔ መሆኔን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ትምህርት ቤት ሄጄ ለመምህሩ ልንገር ስለው ግን «እናቱ የቤት ሥራ ትሠራለታለች ከሚሉኝ ፈጥሮ ጻፈ ቢሉኝ ይሻለኛል፤ በእናትሽ እንዳትሄጂ» ብሎ ለመነኝ፤ እኔም እሺ አልኩት።

አሁን ሳይንስ ባለበት ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ይላል። በዚህ መካከል ሆም ሩም የሚሏቸው የክፍል ኃላፊ መምህር፣ ወላጆች ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ሊያነጋግሯቸው እንደሚችሉ የሚገልጽ ወረቀት ላኩ። ልሂድ ወይስ ቃሌን ልጠብቅ? ወደ ሌላ ክፍል ይዛወርልኝ ብልስ? የእኚህ የሆም ሩም መምህር ሥራ ምንድን ነው? የሳይንሱ መምህርስ ከልጄ የሚፈልጉት ምንድን ነው? እውነቱን ለመናገር፣ 100 ማለቴ ምኑ ላይ ስህተት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ግራ የገባኝ እናት

መልስ፦

ውድ እናት፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣ፤ እሱ ከጠራ ሌላውም መልክ ይይዛልና። ልጅዎ የጻፈው 94 ስህተት አልነበረም። ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሽየስ የሚፈላው የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ያለውን ያህል ሲሆን ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ከላይ የሚጫነው አየር ስለሚሳሳ፣ ውኃው ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ያን ያህል መሞቅ አያስፈልገውም፤ በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀነሰ፣ 1500 ሜትር ከፍታ ላይ የተጣደ ውኃ 95 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። በዚያ ላይ የተማሪ ቴርሞሜትር በራሱ አንድ ዲግሪ ያህል ሊዛነፍ ይችላል፤ ጫፉ የቢከሩን ወለል ሲነካ ደግሞ ቁጥሩ ከእውነተኛው የውኃ ሙቀት ከፍ ይላል። ዲግሪው በስሙ የሚጠራለት ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሽየስ እንኳ መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1742 ሲያቀርብ፣ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ከአየር ግፊት ጋር አብሮ እንደሚለዋወጥ ገልጿል። (ይህችን ለልጅዎ ይንገሩት፦ ሴልሽየስ መጀመሪያ ለሚፈላ ውኃ የሰጠው ቁጥር 0፣ በረዶ ለሚሆነው ውኃ ደግሞ 100 ነበር፤ ቁጥሮቹ የተገለበጡት በኋላ ነው። «መቶ» ለሚሉት ልጆች አንድ ቀን የሚመልሰው ቀልድ አያጣም።)

የመካከለኛ ደረጃ ሳይንስ ከታችኛው ክፍል ሳይንስ የሚለይበት ነገር እዚሁ ቁጥር ውስጥ አለ። በታችኛው ክፍል «ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ልጁ 100 ሲል ራይት ይደረግለታል። አሁን ግን መምህሩ «አንተ ስንት አገኘህ? እንዴት ለካኸው? ከመጽሐፉ ለምን ተለየ?» ይላሉ። ለዚህም ነው በሪፖርቱ ውስጥ ጥያቄው፣ ከሙከራው በፊት የተገመተው መላምት፣ ዕቃዎቹ፣ አሠራሩ፣ የታየውና የተለካው፣ በመጨረሻም ድምዳሜው በየራሳቸው ቦታ የሚጻፉት። መላምቱ ሳይሠምር ቢቀር ብዙውን ጊዜ ነጥብ አያስቀንስም፤ ድምዳሜው ደካማ ቢሆን መምህሩ ያርሙታል፤ የተለካው ቁጥር ከተለወጠ ግን ከሥሩ የተጻፈው ሁሉ መቆሚያ ያጣል። ልጅዎ 94ቱን እንዳለ ትቶ «መጽሐፉ 100 ይላል፤ የተለየው ያለንበት ቦታ ከፍ ያለ ስለሆነ ይሆናል» የምትል አንዲት መስመር ቢያክልበት ኖሮ፣ ከክፍሉ ጥሩ ሪፖርቶች አንዱ በሆነለት ነበር ብዬ አስባለሁ።

መምህሩ ነገሩን ወዲያው ያወቁትም ለዚህ ነው። አራት ልጆች አንድ ቴርሞሜትር አንብበው አንዱ ብቻ የመጽሐፉን ቁጥር ሲጽፍ፣ ማንኛውም የሳይንስ መምህር «ይህ ልጅ ያየውን ትቶ ይሆናል ብሎ ያሰበውን ጻፈ» ብሎ ይጠረጥራል፤ ይህም በሳይንስ ክፍል ከመገልበጥ ያላነሰ ጥፋት ነው። ስለዚህ በመጠየቃቸው አልፈርድባቸውም። የ12 ዓመት ልጅን ግን ከክፍል በኋላ ጠጋ ብሎ መጠየቅ ሲቻል፣ ጓደኞቹ እያዩት አቁሞ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ በዚህ ሐዘንዎን እጋራለሁ።

ስለራስዎ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብዎትም። ያን ማታ ላጲሱን ያነሡት ለነጥቡ ብቻ ሰግተው ነበር? ወይስ እስከ አምና ድረስ የልጅዎን የቤት ሥራ አብረው እየሠሩ ቆይተው፣ ዘንድሮ ደብተሩ በማያውቋቸው ነገሮች ሲሞላ፣ የሚያውቁትን አንድ ቁጥር ሲያገኙ ደስ ብሎዎት ነበር? የሁለተኛው ስሜት ብዙ ወላጆች ልጃቸው ወደዚህ ደረጃ ሲሻገር የሚሰማቸው ስለሆነ፣ ከሆነ አይፈሩበት። ይቅርታ መጠየቅዎም ቀላል ነገር አይደለም፤ አንዳንዶቻችን «ለአንተ ብዬ ነው» ብለን እናልፈው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ልጅዎን ይበልጥ የጎዳው 100 የሚለው ቁጥር አይመስለኝም፤ ተኝቶ ሳለ መደረጉ ነው። ክፍሉ ፊት ቆሞ ሲጠየቅ መልስ ያጣው በገዛ ወረቀቱ ላይ የማያውቀው ነገር ስለተገኘበት ነው። እንግዲህ ሳይነግሩት ረቡዕ ዕለት ሄደው ሁሉንም ቢያስረዱ፣ በቅን ልብ ቢሆንም፣ እሱ ሳያውቅ ስለ እሱ ሁለተኛ ነገር ተደረገ ማለት ነው፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ እንዲህ ያለው ወሬ ከመምህራን ክፍል ወጥቶ ልጁ ጆሮ ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም። በሌላ በኩል፣ ቃልዎን ለመጠበቅ ብለው ዝም ካሉ፣ መምህሩ ልጅዎን ቁጥር ፈጣሪ አድርገው እንዳሰቡት ይቀራሉ፤ እሱም የሌላ ሰው ጥፋት ተሸክሞ ዓመቱን ይጨርሳል። ስለዚህ ምክሬ እንዲሄዱ ነው፤ ከመሄድዎ በፊት ግን የገቡለትን ቃል እሱ ራሱ እንዲፈታልዎ ይጠይቁት።

የክፍል ኃላፊው መምህር ወይም የሆም ሩሙ ሥራ ምን እንደሆነ ካወቀ ልጅዎም ፍርሃቱ የሚቀንስለት ይመስለኛል። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ቢለያይም፣ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ጥቂት ደቂቃ ወይም በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይመደብላቸዋል፤ ስም ይጠራሉ፣ ቀሪ የሆነውን ይመዘግባሉ፣ ማስታወቂያ ያነባሉ፣ የክፍል አለቃ ያስመርጣሉ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ይወስናሉ፣ ውጤቱም ከየመምህሩ ተሰብስቦ ካርድ ላይ ሲሞላ በእጃቸው ያልፋል። ከዚህ ዝርዝር ይልቅ ግን ለእርስዎ የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ። የሳይንስ መምህሩ በቀን ብዙ ክፍል እየተዘዋወሩ ስለሚያስተምሩ ልጅዎን የሚያውቁት በሰኞና በሐሙስ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሒሳቡም፣ የቋንቋውም እንዲሁ በየድርሻቸው ያውቁታል። አምና አንዲት መምህርት ሙሉውን ታየው የነበረውን ልጅ ዘንድሮ ሙሉውን እንዲያይ የተመደበው ሰው የሆም ሩም መምህሩ ነው። ማን በእረፍት ሰዓት ብቻውን እንደሚቆም፣ ማን ሁልጊዜ ሰኞ ጠዋት እንደሚያረፍድ ቀድመው የሚያዩት እሳቸው ናቸው፤ በልጁና በሌላው መምህር መካከል ነገር ሲሻክርም ገብተው ያነጋግራሉ። ነጥብ የማስተካከል ሥልጣን ግን ብዙውን ጊዜ የላቸውም፤ ስለዚህ እሱን ከእሳቸው አይጠብቁ።

ልጅዎን ሲያነጋግሩት ፊት ለፊት አስቀምጠው ባይሆን ደስ ይለኛል። መንገድ ላይ አብራችሁ ስትሄዱ፣ ወይም ልብስ ስታጣጥፉ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት በማይኖርበት ጊዜ ይሁን። «አልሄድም ብዬህ ነበር፤ ቃሌን ሳትፈታልኝ አልሄድም። ግን አንተ ያላጠፋኸውን ጥፋት ተሸክመህ ማየት አልቻልኩም» ብለው ይጀምሩ፤ ከዚያ ምርጫዎቹን ይንገሩት። እርስዎ የሆም ሩም መምህሩን ብቻ ተማሪዎች ከወጡ በኋላ ማነጋገር ይችላሉ፤ እሱ አብሮዎት መግባትም ሆነ ውጭ መጠበቅ ይችላል፤ ወይም እርስዎ አጭር ማስታወሻ ጽፈው እሱ ራሱ ለሳይንስ መምህሩ መስጠት ይችላል። «እናቱ የቤት ሥራ ትሠራለታለች» የሚለውን ፍርሃቱን አይናቁበት፤ በ12 ዓመቱ ለእሱ ይህ ስም ቁጥር ፈጥሮ ጻፈ ከመባል የከፋ ነው። ስለዚህ ማን ማን ነገሩን እንዲያውቅ እንደሚፈልግ ይጠይቁት። አንዱንም አልመርጥም ካለ በዚያው ምሽት አያስጨንቁት፤ «እስከሚቀጥለው ረቡዕ አስብበት» ይበሉትና ያቆዩት።

ማስታወሻው ከሦስት ዓረፍተ ነገር ባይበልጥ ይመረጣል። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፍ ነበር፦ «ልጄ በሪፖርቱ ላይ የጻፈው ቁጥር 94 ነበር። እሱ ተኝቶ ሳለ ወደ 100 የለወጥሁት እኔ ነኝ፤ በክፍል ሲጠየቅ ይህን አያውቅም ነበር። ነጥቡ እንዲለወጥ ሳይሆን ስለ ልጄ ያለዎት ግምት እንዲስተካከል ብዬ ነው የጻፍኩልዎ።» ስለ ሳቁና ስለ ቅጽል ስሙ በዚህ ወረቀት ላይ ምንም አይጨምሩ፤ ሁለቱ ጉዳዮች ከተቀላቀሉ መምህሩ ራሳቸውን ለመከላከል ይነሣሉ፣ የልጁ ንጽሕናም ይረሳል።

የቅጽል ስሙ ነገር የሆም ሩሙ ድርሻ ነው። ብቻ ክፍሉን ሰብስበው «ማንም መቶ እንዳይለው» ብለው እንዲቆጡ አይጠይቋቸው፤ እስከዚያ ያልሰሙት ልጆች ሁሉ በዚያው ይማሩታል። የተሻለው፣ ለሁለት ሳምንት ያህል በእረፍት ሰዓት ጉዳዩን በዓይናቸው እንዲከታተሉት፣ ከተቻለም በሚቀጥለው የቡድን ሥራ ከሚግባባው ልጅ ጋር እንዲመደብ እንዲያመቻቹ መጠየቅ ነው። ቀልዱ ከቀልድ አልፎ መገፋፋት፣ ዕቃ መቀማት ወይም ማግለል ከሆነ ግን፣ ልጁ ቢለምንዎም መሄድ አለብዎት፤ እንደሚሄዱ አስቀድመው ነግረውት ይሂዱ። ወደ ሌላ ክፍል ማዛወሩን ለአሁኑ ባይቸኩሉበት እላለሁ። ስሙ በኮሪደር ተከትሎት ይሄዳል፤ አራት ሆነው አብረው የሠሩት ልጆች ደግሞ፣ 94 ማግኘቱን በዓይናቸው ያዩ ምስክሮቹ፣ እዚያው ይቀሩበታል።

ሆዴን የሚለውን አስመሳይነት ነው ብለው አይለፉት። ጭንቀት የእውነት ሆድ ያሳምማል። ለሁለት ሳምንት ያህል የታመመበትን ቀን፣ ሰዓቱንና ሲቆይ ምን እንደሚሆን በማስታወሻ ይያዙ፤ ከሰኞና ከሐሙስ ውጭም ካመመው፣ ትኩሳት፣ ማስመለስ ወይም የክብደት መቀነስ ካለው፣ ወይም ከሌሊት እንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ከሆነ ሐኪም ይየው። በእነዚያ ቀናት ጠዋት ከቤት አያስቀሩት፤ አንዴ ከቀረ የሚቀጥለው ሐሙስ ይከብድበታል።

«ታዲያ ከእንግዲህ ሳይንስ ላይ ምኑን ልርዳው?» ይሉኝ ይሆናል። ከወረቀቱ ይራቁ፣ ከሙከራው ግን አይራቁ። ለምሳሌ አንድ ድንጋይ በክር አስራችሁ፣ ክሩን አንድ ሜትር አድርጋችሁ በር ላይ ስቀሉትና ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ሄዶ እስኪመለስ አንድ ብሎ ቆጥሮ፣ አሥር ጊዜ ለመወዛወዝ ስንት ሴኮንድ እንደወሰደበት ይጻፍ። 20 ሴኮንድ አካባቢ ይሆናል። ከዚያ ክሩን ሳትነኩ ድንጋዩን ከበድ ባለ ድንጋይ ለውጡት። ከመልቀቃችሁ በፊት እርስዎም እሱም የሚሆነውን ገምቱና በየወረቀታችሁ ጻፉ። አብዛኛው ሰው ከባዱ ይፈጥናል ብሎ ይገምታል፤ ሰዓቱ ግን ያው 20 አካባቢ ሆኖ ይቀራል። ክሩን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ስታሳጥሩት ግን ጊዜው ወደ 10 ሴኮንድ ይወርዳል። በክፍል ውስጥ «ተለዋዋጭ» ሲባል የሚሰማው እንደ ድንጋዩ ክብደትና እንደ ክሩ ርዝመት ያለው ነው፤ ሙከራውም አንዱን ብቻ ለውጦ ሌላውን ባለበት ማቆየት ነው። ግምትዎ ሲሳሳት እሱ እያየ ሳይሰርዙ ይተዉት። ሌላ ቀን ሪፖርት ሲጽፍ ደግሞ ቁጥሩን ከማየት ይልቅ «ምን ይሆናል ብለህ ነበር? ምን አየህ? ከምን የመጣ ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁት፤ ለዚህ ሳይንስ መማር አያስፈልግዎትም።

ወደፊት ሪፖርቱ ይበዛል፤ አጫጭር ፈተናና የቡድን ሥራም ይኖረዋል። ማይክሮስኮፕ፣ ሰማያዊውን በአሲድ ቀይ የሚያደርጉበት የሊትመስ ወረቀት፣ እሳትና ኬሚካል ያለበት ሙከራም ይመጣል። የመከላከያ መነጽር ማድረግ፣ ምንም ነገር አለመቅመስ፣ ሽታን ከዕቃው ላይ በቀጥታ ሳይሆን በእጅ ወደ አፍንጫ እያራገቡ ማሽተት፣ የሚሞቅን የሙከራ ቱቦ አፍ ወደ ሰው አለማዞር የሚባሉትን ደንቦች በቃሉ እንዲነግርዎ ይጠይቁት፤ እርስዎን ሲያስተምር ራሱም ያጠናቸዋል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እሱም ያው ወረቀት ነው። በቤተ ሙከራ ደብተር ላይ የተሳሳተ ቁጥር በላጲስ አይጠፋም፤ የቀድሞው እንዲነበብ በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው አጠገቡ ይጻፋል። ሪፖርቱ ተመልሶለት ከሆነ፣ ልጅዎ በእስክሪብቶ 100 ላይ አንድ መስመር ያስምርበትና ከጎኑ «94፣ በቴርሞሜትራችን የተነበበው» ብሎ ይጻፍ፤ ከሥሩም ለምን ከ100 እንዳነሰ ያሰበውን በራሱ አባባል በሁለት ዓረፍተ ነገር ያክል። ካልተመለሰለት በአዲስ ገጽ ይጻፈው፤ ማስታወሻዎን ለመውሰድ ከተስማማም አንድ ላይ አያይዞ ሐሙስ ከክፍለ ጊዜው በፊት ይስጣቸው።